በላባ ዓሣ የሚያጠምደው ልብስ ሰፊ

ጅራታ ዳዲን መጀመሪያ ያወቅሁት በእጁ ነው። ጊዜው የ1953 ዓ.ም. ግንቦት መግቢያ ነበር። ሁሩሙ ውስጥ በነበረችው ባለአንድ ክፍል ክሊኒክ ድሬሰር ሆኜ ከተመደብኩ ገና ሰባት ወር ነው። አንድ ማለዳ፣ ሌላ ሕመምተኛ ሳይመጣ፣ ጋቢውን እስከ አፍንጫው የተከናነበ ሰው በሩ ላይ ቆሞ አገኘሁ። ይግቡ ስለው አልገባም አለ። እዚያው እንደቆመ ግራ እጁን አውጥቶ ዘረጋልኝ። ጣቶቹ ወደ ውስጥ ታጥፈው ደርቀዋል። መዳፉ አብጦ ቆዳው ተወጥሯል፤ መካከሉ ላይ ጥቁር ነጥብ ይታያል። ጠርጌ ባየው ብረት ነው፤ ወገቡ ላይ ቀይ ላባ የተጠመጠመበት ትንሽ የዓሣ መንጠቆ፣ ሥጋው ውስጥ ተቀብሮ።

"ከገባብዎት ስንት ቀን ሆነው?" አልኩት።

"እንጃ" አለኝ። "ትናንት ሳየው እዚያ ነበር።"

ሥጋውን በምላጭ ሰንጥቄ መንጠቆውን ሳወጣ ፊቱን እንኳ አላጨማደደም። ወደ መንገዱ ዞሮ ሰው እንዳይመጣ ይጠብቅ ነበር። መንጠቆውን ልጥለው ስል ግን ደነገጠ።

"ዶክተር፣ እባክዎ እሱን አይጣሉብኝ። ከእሱ ሌላ የቀሩኝ ሦስት ናቸው።"

በዚያ አገር ድሬሰሩም ዶክተር ነው የሚባለው። በዕድሜ ብዙ የማንሰውን እኔን አንቱ ይለኛል። በሽታው ምን እንደሆነ እጁን እንዳየሁ አውቄያለሁ፤ ሥጋ ደዌ ነው። ቁስሉን በየሦስት ቀኑ ማጠብ እንዳለብኝ ስነግረው ወደ ክሊኒኩ ደግሞ መምጣት እንደማይችል፣ ሰው እንዳያየው የማለበት ጉዳይ እንዳለ ነገረኝ። ስለዚህ እኔው እየሄድኩ አጥበው ጀመር። ይህን ታሪክ ከፊሉን ራሱ፣ ከፊሉን ታላቅ እህቱ እትዬ ዲሪቤ ያጫወቱኝ በዚያ ጊዜ ነው።

ጅራታ የመቱ ልብስ ሰፊ ነበር። ጣሊያን ከወጣ በኋላ በገበያው ዳር፣ በአንድ ቆርቆሮ ቤት በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን አቁሞ ይሠራል። የጸሐፊዎቹን ኮት፣ የባላባቶቹን ተፈሪ ሱሪ የሚሰፋ እሱ ነው። ሜትር ሳያወጣ ሰውየው ከመንገድ ማዶ ሲመጣ አይቶ ልኩን ያውቃል ይባልለት ነበር። ሁሩሙ ተወልዶ መቱ የገባ የገበሬ ልጅ ነው፤ መርፌ መያዝን ያስተማረው አንድ የየመን ዐረብ ነው።

በ1935 መንገድ የሚቀይስ አንድ እንግሊዛዊ ወደ መቱ መጣ። ስሙን በትክክል የሚጠራ አልነበረም፤ መሬቱን በሰንሰለት ስለሚለካ "አባ ሰንሰለት" አሉት። ይህ ሰው አንድ ቀን የተቀደደ ኮቱን ይዞ ጅራታ ዘንድ መጣ። ኮቱ ሲያልቅለት ስፌቱን አገላብጦ አገላብጦ አየና ከኪሱ አንዲት ትንሽ ነገር አውጥቶ መዳፉ ላይ አስቀመጠለት። ከገብስ ፍሬ ብዙም የማትበልጥ መንጠቆ ናት፤ ላባና ክር ተጠምጥሞባት ዝንብ መስላለች። በአስተርጓሚው በኩል "ይህን መሥራት ትችላለህ?" አለው። ጅራታ ክሩን ዙር በዙር ፈታው፤ ላባውን አወጣ፤ ከዚያ መልሶ ዙር በዙር ጠመጠመው። የቱ የእንግሊዙ፣ የቱ የእሱ እንደሆነ የሚለይ ጠፋ።

በሚቀጥለው እሑድ አባ ሰንሰለት ወደ ላጋ ጨፌ ይዞት ሄደ። ላጋ ጨፌ ከሁሩሙ በታች በቡናው ጫካ ውስጥ የምትወርድ ጅረት ናት፤ በሰፋችበት ቦታ ሦስት እርምጃ ብትሆን ነው። በዚያ አገር ዓሣ ማጥመድ እንደ ሙያ አይቆጠርም። ልጆች በትል ያጠምዳሉ፣ ትልልቅ ሰዎች ያዩዋቸውና ምራቃቸውን ይተፋሉ። ይህኛው ግን ትል የለበትም፣ ሊጥ የለበትም። ዘንጉን ከጀርባ ወደፊት ወዝወዝ ያደርጉትና ክሩ በአየር ላይ ተዘርግቶ ሄዶ ላባዋን ውኃው ላይ ያሳርፋታል። ዓሣው ዝንብ የወደቀችለት መስሎት ከሥር ይነሳል። ጥላህ ውኃው ላይ ካረፈ፣ እግርህ ድንጋይ ካንኳኳ፣ ያ ቀን አለቀ። በእንብርክክ መሄድ አለ፤ ከቅርንጫፍ በታች ክሩን አሾልኮ መላክ አለ። ጅራታ በአንድ ወር ውስጥ ከአስተማሪው በለጠ። ሁሉ ነገር የእጅ ነው፤ እጁ ደግሞ እጅ ነበር።

አባ ሰንሰለት በ1937 ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ ዘንጉንና አንድ ጣሳ መንጠቆ ተወለት። ከዚያ በኋላ ጅራታ በየእሑዱ ከቅዳሴ መልስ ወደ ጅረት ይወርዳል። ላባውን ከቀይ አውራ ዶሮ አንገት፣ ጠጉሩን ከጉሬዛ ቆዳ፣ ሰሙን ከሁሩሙ ማር ያገኛል። የሚይዘውንም መልሶ ውኃ ውስጥ ይለቀዋል። ይህን ሲሰሙ የመቱ ሰዎች ሳቁ፤ "ጅራታ ባለላባው" የሚል ስም ወጣለት። ሚስቱ ዋሪቱ አልሳቀችም። "ቁርጡሚ የነካ እጅ የሰው ልብስ ይሰፋል?" እያለች ከደጅ ታስታጥበው ነበር። ቁርጡሚ በኦሮምኛ ዓሣ ማለት ነው። ልጃቸው ሻሽቱ የተወለደችው አባ ሰንሰለት በሄደበት ዓመት ነው።

በ1940 አንድ ቀን ጅራታ መኪናውን እየረገጠ ሳለ ዋሪቱ ጮኸች።

"ደም! ጨርቁ ላይ ደም!"

ቁልቁል ቢያይ መርፌው ግራ ጠቋሚ ጣቱን በጥፍሩ በኩል ወግቶ በወዲያ ወጥቷል። እሱ ግን እግሩን አላቆመም ነበር። ጣቱን ከመርፌው አላቀቀና አየው። ጀርባው ላይ አንድ የነጣ ቦታ ከወጣ ዓመት አልፎት ነበር፤ ቋቁቻ ነው ብለው ትተውታል። ያን ቀን ግን ሁለቱም አወቁ።

ሌላውም ሰው ለማወቅ አልዘገየም። መጀመሪያ ጸሐፊዎቹ ቀሩ፣ ቀጥሎ ባላባቶቹ። ያሰፉትን ልብስ ሊወስዱ ያልመጡም ነበሩ። በ1941 ጥር ላይ ጅራታ በቡና መኪና ተጭኖ ሸዋ ወደሚገኝ የሕሙማን መንደር ሄደ። እሱ በሄደ ማግስት የዋሪቱ ወንድም ፍራሹን፣ ልብሱን፣ የአባ ሰንሰለትን ዘንግ ሳይቀር ከቤት አውጥቶ አቃጠለ። ክፋት አልነበረም፤ ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነው። የመንጠቆውን ጣሳ ብቻ እትዬ ዲሪቤ ምን እንደሆነ ሳታውቅ ለጨው መያዣ ትሆነኛለች ብላ ወሰደቻት።

አሥራ ሁለት ዓመት። በመጀመሪያው ዘመን የነበረው መድኃኒት በመርፌ የሚወጋ ዘይት ነው፤ በኋላ እንክብሉ መጣ። እንክብሉ በሽታውን ገደለለት። የሞተውን የእጁን ስሜት ግን አልመለሰለትም፤ ጣቶቹም እያየ ታጠፉ። በ1953 አጋማሽ ላይ "ከበሽታው ነጽቷል፣ በማንም አይጋባም" የሚል ባለማኅተም ወረቀት ሰጥተው አሰናበቱት።

መኪናው ወደ መቱ የሚሄደው በሁሩሙ በኩል ነው። ጅራታ ሁሩሙ ላይ ወረደ። እህቱ ቤት ገላውን ታጥቦ፣ አዲሱን ሸሚዙን ለብሶ በማግስቱ መቱ ሊገባ ነበር ሐሳቡ። ወሩ የካቲት ነው። ዲሪቤ ከቤቷ ጓሮ የተሰጣ ቡና ታገላብጣለች። አየችው፤ አልጮኸችም። ቡናው መካከል ቁጭ አለች።

"ጅራታ ነህ?"

"ነኝ፣ እትዬ።"

"ስትመጣ ማን አየህ?"

"ማንም። ምነው?"

"ተቀመጥ" አለችው። "ተቀመጥ፣ ወንድሜ። አንተ ሞተሃል።"

ነገሩን ነገረችው። እሱ በሄደ በአራተኛው ዓመት ዋሪቱ ልትራብ ደረሰች። በእሱ መኪና ስፌት ለምዳ ነበር፤ ግን ከቁምጥና ቤት የወጣ ልብስ የሚለብስ ጠፋ። ያን ጊዜ ወንድሟ ወሬ አመጣ፤ ጅራታ የታመመው ሌላ በሽታ ኖሯል፣ ድኖ ጋምቤላ ወርዶ ሲነግድ በወባ ሞተ ተባለ። ተለቀሰ። ተዝካር ወጣ። ሰው ቀስ በቀስ ወሬውን አመነ፤ ዋሪቱም ሥራ አገኘች። ዛሬ የመቱ ሴቶች ቀሚስ የሚያሰፉት እሷ ዘንድ ነው።

"አንቺስ ተዝካሬ ላይ ነበርሽ?" አላት።

"ነበርኩ። አልቅሻለሁም። ሲያዩኝ ለውሸቱ፣ በልቤ ለእውነቱ።"

ከሁሉ የሚከብደውን መጨረሻ ላይ ነገረችው። ሻሽቱ ለቡሬው ቡና ነጋዴ ለአቶ ሸዋንግዛው ልጅ ታጭታለች። ሽማግሌዎቹ ዘር ቆጥረዋል፤ ንጹሕ ነው ተብሎ ቀለበት ታስሯል። ሠርጉ ግንቦት መጨረሻ ነው።

ጅራታ ወረቀቱን ከደረት ኪሱ አወጣ። "እዪ፣ ይኸው ድኛለሁ ይላል። የመንግሥት ማኅተም አለው።"

ዲሪቤ ማንበብ አትችልም። ወረቀቱን ተቀብላ ማኅተሙን ዳሰሰችና መለሰችለት።

"ሰው ወረቀቱን ከማንበቡ በፊት የያዘውን እጅ ያያል" አለችው።

በገበያ ቀን መቱ ወርዳ ለዋሪቱ ነገረቻት። ዋሪቱ ስትሰማ ጨርቁን ከመኪናው ላይ ሳታነሳ፣ "ሻሽቱ እስክትዳር ሰው አይየው። ከዚያ በኋላ እኔ ራሴ እመጣለሁ በይልኝ" አለች። ጅራታ በዚህ ማለ። ያቺን "እመጣለሁ" የምትለውን ቃል እህቱን ሦስት ጊዜ አስደገማት።

ቡናው ተለቅሞ ስላለቀ ላጋ ጨፌ ዳር ያለችው የዲሪቤ የቡና መጠበቂያ ጎጆ ባዶ ነበረች። እዚያ ገባ። ምግቡን ዲሪቤ ማለዳ ታመጣለታለች፤ ከዚያ በኋላ እስኪመሽ ሰው የለም። በሕሙማኑ መንደር ቢያንስ ሰው ነበረ፣ ማዕድ ነበረ፣ ሐሜት ነበረ። እዚህ ጦጣና ውኃ ብቻ። በሁለተኛው ሳምንት ከጎጆዋ ደጃፍ ተቀምጦ ሳለ ዓሣ ከውኃው ሲነሳ አየ። ክብ ውኃ ሠርቶ ጠፋ። ወዲያው ሌላ። ፊቱን አዞረ። "ጎጆዋ ውስጥ ገብቼ ተኛሁ" ብሎኛል። በማግስቱም ገብቶ ተኛ። በሦስተኛው ቀን ዲሪቤን፣ "ያቺ የጨው ጣሳሽ የት አለች?" አላት።

ጣሳዋ ውስጥ ከጨው በታች የቀሩት መንጠቆዎች አሥራ አንድ ነበሩ፤ አብዛኞቹን ዝገት በልቷቸዋል። ደህና የሆኑት አምስት ናቸው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ከፊሉን እኔም በዐይኔ አይቻለሁ። ቀርከሃ ቆርጦ ዘንግ ሠራ። የቀኝ እጁ አውራ ጣትና አንድ ጣት ብቻ ይታዘዙታል፤ እነሱም የያዙትን አያውቁም። ስለዚህ ዘንጉን ከክንዱ ጋር በጠፍር አሰረው፤ ጠፍሩን የሚያጠብቀው በጥርሱ ነው። መንጠቆውን በተሰነጠቀ እንጨት አጣብቆ፣ ክሩን ነክሶ፣ ራሱን በእንጨቱ ዙሪያ እያዞረ ላባ ይጠመጥማል። ድሮ ለአንዷ የሚበቃው ጸሎተ ሃይማኖት አንዴ ተደግሞ እስኪያልቅ ያለው ጊዜ ነበር። አሁን የመጀመሪያዋ ዘጠኝ ቀን ፈጀችበት። በሁለተኛው ውርወራ ሾላ ቅርንጫፍ ላይ ተሰቅላ ቀረች። ዛፉ ላይ መውጣት አይችልም። እስኪመሽ ቆሞ ያያት ነበር፤ ነፋስ ሲመጣ ትወዛወዛለች።

ሁለተኛዋን ሠራ። ዓሣው ይነሳል፤ ላባዋን ይጎርሳል፤ ይተፋታል። ጅራታ አያውቅም። በላባ ሲያጠምዱ መጎተት ያለበት ዓሣው በነካ ቅጽበት ነው፤ ያንን የሚናገረው ደግሞ ጣት ላይ ያለው ክር ነው። ክሩ ይናገራል፣ ጣቱ አይሰማም። አንድ ወር ሙሉ አንድም አልያዘም። "ባለቤቱ የሞተበትን ቤት ደጅ እንደ ማንኳኳት ነው" አለኝ።

መፍትሔውን ያገኘው በአጋጣሚ ነው። አንድ ቀን ክሩ ተወሳስቦበት ሊፈታ በከንፈሩ ይዞት ሳለ ላባዋ ውኃው ላይ ነበረች።

"ከንፈሬ ላይ ጥቅ አለ" ብሎ ነገረኝ፤ ይህን ሲያወራ ድምፁ ተለወጠ። "አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው ነክቶኝ አያውቅም ነበር፣ ዶክተር። እኔም የነካሁትን አላውቅም። ጥቅ ሲል እንደ ሕፃን አለቀስኩ።"

ከዚያ ወዲህ ክሩን በከንፈሩ ይዞ ያጠምድ ጀመር። ልጓም የገባለት በቅሎ ይመስላል። አሥር ሲነሱ አንዱን ይይዛል። የያዘውን ዲሪቤ አትቀበለውም፤ እሱም አይበላውም። መልሶ ይለቀዋል፤ ግን እርጥብ ዓሣ ከእነዚያ እጆች ማላቀቅ ስለማይችል ብዙውን ጊዜ ሣሩ ላይ ወድቆ እየተፈራገጠ ይሞታል። መንጠቆውም እጁን የወጋው እንዲህ ሲታገል ነው።

እኔ አስጠነቅቀው ነበር። ቁስሉን ሳጥብ፣ "ጋሼ ጅራታ፣ ይህን ነገር ይተዉት። አንድ ቀን እጁን ያሳጣዎታል" አልኩት።

"እጁንማ አጥቼዋለሁ" አለ። "ብተወው ቀኑን ምን ላድርገው?"

 ፋሻውን አስሬ ሄድኩ።

በግንቦት አጋማሽ፣ ሠርጉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ዝናብ ባባራበት አንድ ከሰዓት በኋላ ክንፍ ያወጣ ምስጥ ከመሬት ፈለቀ። እንዲህ ያለ ቀን በዓመት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ቢመጣ ነው። ጅረቷ እንደሚፈላ ድስት ሆነች፤ ዓሣው ሁሉ ላይ ነው። ጅራታ ከጥላው ወጥቶ ወደ መሻገሪያው፣ ወደ ገላጣው ሄደ። ለምን እንደሄደ ጠይቄው "ዓሣው እዚያ ስለነበረ" ነው ያለኝ።

በመሻገሪያው በበቅሎ የሚያልፍ ሰው ነበር። ደርበው ይባላል፤ ከመቱ ፍርድ ቤት መጥሪያ የሚያደርስ ተላላኪ ነው። አባቱ ከመንዝ የመጡ፣ እሱ ግን መቱ ተወልዶ ኦሮምኛን ከእኔ አሥር እጅ አሳምሮ የሚናገር ደግ ሰው። የመጀመሪያ ኮቱን የሰፋለት ጅራታ ነው። በቅሎውን አቆመ። ፊቱን አላየም፤ ሰውየው ጀርባውን ሰጥቶታል። ያየው ክሩን ነው፤ ወደኋላ ሄዶ፣ ተዘርግቶ፣ ተመልሶ ውኃው ላይ ሲያርፍ።

"የጌታ ያለህ" አለ ደርበው። "ጅራታ ባለላባው!"

ጅራታ ስሙን ሲሰማ ዞረ። ከንፈሩ መካከል ክር አለ። ደርበው ከበቅሎው ዘሎ ወርዶ ሊያቅፈው ሮጠ፤ እጆቹን ሲያይ ግን ሁለት እርምጃ ሲቀረው ቆመ።

"አለህ? በሕይወት አለህ?"

"ደርበው፣ አላየኸኝም" አለው ጅራታ። "በልጅህ ሞት፣ አላየኸኝም።"

ደርበው ማለ። ግን ምን እንዳለበት አልተረዳም። የሕመሙን ነገር መደበቅ ያለበት መስሎታል እንጂ ሕይወቱን መደበቅ ያለበት አልመሰለውም። ማታ ጠጅ ቤት ገብቶ በደስታ፣ "ሰዎች፣ ጅራታ አልሞተም! እንደ ድሮው በላባው ዓሣ ሲያጠምድ በዐይኔ አየሁት!" አለ። ስለ እጁ አንድ ቃል አልተናገረም። ጠጅ ቤቱ ውስጥ ደስ ያላቸው ነበሩ፤ አንዱ ግን፣ "ታዲያ ካልሞተ ለምን ቤቱ አልገባም?" አለ። ይህ ጥያቄ በሦስት ቀን ቡሬ ደረሰ።

አቶ ሸዋንግዛው ሰው አልሰደቡም። ሽማግሌዎቹን መልሰው ላኩና፣ "አባቷ በሕይወት ካለ መጥቶ ልጁን በእጁ ይስጠን" አሉ። በእጁ። ዋሪቱ ቀለበቱን በመሐረብ ቋጥራ መለሰች።

ሻሽቱ የመጣችው በሳምንቱ ነው። እኔ ቁስሉን እያጠብኩ ነበር፤ ያን ቀን ባልኖር ደስ ይለኝ ነበር። ረዘም ያለች፣ ቀይ ሹራብ የለበሰች የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ፤ ከመኪና ወርዳ በእግሯ መጥታለች። ከጅረቷ ማዶ ቆመች። ድንጋዮቹን ተራምዶ መሻገር ቀላል ነው፤ አልተሻገረችም።

"ጅራታ ዳዲ እርስዎ ነዎት?"

"ነኝ" አለ ተነስቶ። እጆቹን ጋቢው ውስጥ ከተተ። ግማሹ ፋሻ ሳይታሰር ተንጠለጠለ።

"ሻሽቱ ነኝ።"

"አውቄሻለሁ። እናትሽን ትመስያለሽ።"

 ከዚያ እሷ፣ "ሰውየው ያወቀዎት በፊትዎ አይደለም፣ በዓሣው ነው አሉኝ። እውነት ነው?" አለችው።

"እውነት ነው።"

"ሁለት ሳምንት ነበር የቀረው። ሁለት ሳምንት ያለ ዓሣ መቀመጥ አይቻልም ነበር?"

ስለ ከንፈሩ ይነግራታል ብዬ ጠበቅሁ። ስለ አሥራ ሁለቱ ዓመታት፣ ስለ ጎጆዋ፣ እኔን ያስረዳኝን ሁሉ።

"ይቻል ነበር" አላት።

አለቀሰች። እሱም ቆሞ አያት። መሻገር እንደማይገባው ያውቃል፤ አልተንቀሳቀሰም። ዐይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና፣ "እናቴ አትመጣም። ይህን እንድነግርዎ ነው የላከችኝ" አለች።

"እሺ" አለ። "ዝናብ ሳይመጣ መንገዱን ያዢ። ደህና ግቢ፣ ልጄ።"

ከሄደች በኋላ ቁጭ አለና እጁን ዘረጋልኝ። ፋሻውን አሰርኩ። 

ዘንጉን ይሰብረዋል ብዬ ገምቼ ነበር። አልሰበረውም። በማግስቱ ተመልሶ ወረደ፤ አሁን መደበቅ የለበትም፣ የሚጠብቀውም ቀን የለም። ግን አስተውየዋለሁ፤ ዓሣው ክሩን ሲነካ እንኳ የማይጎትትበት ጊዜ ነበር። ክሩ ከንፈሩ ላይ ጥቅ ጥቅ ይላል፤ እሱ ዝም ብሎ ይሰማዋል፤ ዓሣው ተፍቶ ይሄዳል።

ክረምቱ ለቁስሉ ደግ አልነበረም። እርጥበቱም፣ ጭቃውም፣ እሱም እረፍት አልሰጡትም። በመስከረም፣ በዓመት ሁለቴ ከጅማ የሚመጣው ሐኪም ከግራ እጁ ሦስት ጣት፣ ከቀኙ ያችን የምትታዘዘውን አንዷን ቆረጠ። ከዚያ በኋላ ላባ መጠምጠም ቀረ። ዘንጉን ምስጥ በላው። ጅራታ ከጎጆዋ ደጃፍ ተቀምጦ ይውላል። አንዳንድ ጊዜ ሳልፍ ሰላም እለዋለሁ፤ "ዛሬ ከላይኛው ድንጋይ ሥር ትልቁ ተነሳ" ይለኛል። ሌላ ወሬ የለውም።

ሻሽቱ በዚያው ዓመት ዘመድ ተከትላ አዲስ አበባ ሄደች። ሰው ቤት ገባች ሲሉ ሰማሁ፤ የቡና መጋዘን ውስጥ ለቀማ ላይ ናት ያለኝም አለ፤ ለእናቷም አልጻፈችም። ዋሪቱ ደንበኞቿ እንደገና ሲርቋት መኪናውን ጭና ወደ ጎሬ ተዛወረች። እዚያ መበለት ነኝ ትላለች። አንድ ጊዜ፣ በ1955 ፍልሰታ ላይ፣ በዲሪቤ እጅ ሸሚዝ ላከችለት። ቁልፍ የለውም፤ ቁልፍ መቆለፍ እንደማይችል አስባ በራሱ ላይ የሚጠልቅ አድርጋ ነው የሰፋችው። ልኩ ልክ ነበር። ጅራታ አገላብጦ ስፌቱን አየና፣ "እጇ ጥሩ ሆኗል" አለ። ሌላ ነገር አልላከችም፤ እሱም አልጠበቀም።

በ1956 ጥቅምት ሞተ። ዲሪቤ ማለዳ ምግብ ስታመጣ አገኘችው። ለመንደሩ ብትነግር ሰዉ ግራ ተጋባ። ለዚህ ሰው እኮ አንዴ ተለቅሷል፣ ተዝካሩም ተበልቷል። ደግሞ የሚፈሩት አሉ። አንድ ቄስ ብቻ ዘግይተው መጡ። በማግስቱ ቃሬዛውን ለመሸከም አራት ሰው ያስፈልጋል፤ እኔ፣ የዲሪቤ ልጅ፣ አንድ ጎረቤት፤ አንድ ጎደለን። ቆመን ስንጠባበቅ በቅሎ እየጎተተ ደርበው መጣ። ከመቱ ነው፤ ሌሊቱን ተነስቶ መሆን አለበት። ዲሪቤ ፊት ቆሞ ቆቡን አወለቀ።

"እትዬ ዲሪቤ፣ እኔ ደስ ብሎኝ ነው የተናገርኩት" አላት። "እግዚአብሔር ያውቃል፣ ደስ ብሎኝ ነው።"

ዲሪቤ አየችው። ዐይኗ ደረቅ ነበር።

"አውቃለሁ" አለችው። "ና፣ ያን ጫፍ ያዝ። ቁልቁለቱ ያዳልጣል።"